ስለ «ጀምበር» እና ስለ ሥዕል ትረካ ቃላት

ብሥራት ደበበ የደረሰው «ጀምበር» የተባለው ተከታታይ ሥራ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ በመፈለግ ላይ ሳለ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የሚያገኝ ወጣት ነው። የሥዕሉን ነገር ለባለሙያዎቹ ትተን እኛ ቃሉን እንመለከታለን።

ስሙ ተሳክቷል። በአማርኛ ጀምበር ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ጾታዋ አንስታይ ነው። ለወንድ ጀግና ስም ስትሆን ግን «ጀምበር መጣ» ማለት ግድ ይሆናል። ነቀፌታ አይደለም፤ ፀሐይ የሚባል ወንድም አለና። ዳሩ ግን ይህን የጾታ መለወጥ የሚሰማው የአማርኛው አንባቢ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የሥራውን ዓይነት ስንሰይም ነው። «ኮሚክ ነህ» የተባለ ሰው አሳቂ መባሉን ያውቃል፤ ስለዚህ በወልቂጤ ያለ ተማሪ «ኮሚክ መጽሐፍ» ቢሰጡት ቀልድ ይጠብቃል። «ካርቱን» ደግሞ የጋዜጣውን ስላቅና የቴሌቪዥኑን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሁሉ በአንድ ይጠቀልላል። «የሥዕል ትረካ» ይሻላል እንላለን። ጀግናውን «ልዕለ ኃያል» ማለትም አይስማማንም፤ ቃሉን ዜና አቅራቢዎች ለታላላቅ መንግሥታት ይዘውታል። «ልዕለ ጀግና» ይባል። «ምትሐታዊ» ውስጥ የማታለል ሽታ ስላለ «ምናባዊ» ይመረጣል።

ከስያሜው ይልቅ የሚያሳስበን የአረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንድ ንግግር በሁለት ሳጥን ሲከፈል ወሬው የሚታወቀው በሁለተኛው ነው። ሠዓሊው በመጀመሪያው ሳጥን የደነገጠ ፊት ከሣለ፣ ሰውየው ገና ያልተነገረውን ሰምቶ መደንገጡ ነው። እንግሊዝኛውን አስቀድሞ ሥሎ አማርኛውን በኋላ የሚሞላ ሁሉ ይህ ያጋጥመዋል። ድምፅን በተመለከተ ግን መበደር ነውር ነው። ድው፣ ዷ፣ ጓ፣ ሿ እያሉ «ቡም» ለምን ያስፈልጋል? ድምፅ የሌለውን እንኳ እልምና ድርግም ይገልጹታል።

ነገሩ ለወልቂጤም ሩቅ አይደለም። በጉራጌ ጥንታዊ እምነት ቦዠ የመብረቅ ኃይል ነው፤ ሌባንና ሐሰተኛን ይቀጣል። ለምናባዊ ትረካ ከዚህ የተሻለ ባለታሪክ አናውቅም። ነገር ግን ነገ አንድ ደራሲ በአማርኛ ሲጽፈው «መብረቅ» ብሎ ተርጉሞት ቢያልፍ፣ ቀጪው ቀርቶ ብልጭታው ብቻ ይተርፋል። ጀፎረም በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የጋራ መስክና መንገድ ነው፤ «ሜዳ» ሲሉት ሠርጉም ልቅሶውም ይጠፋል። ከ«ጀምበር» ቀጥሎ የወጣው ሥራ የሴት ባለታሪኩን «ሐዊ» ያለው በኦሮምኛ ስም ነው፤ «ምኞት» ብሎ አልተረጎመውም፤ አንባቢም አልተቸገረም። ጀፎረ በመጀመሪያው ሳጥን በደንብ ከተሣለ የግርጌ ማስታወሻ አያሻውም።