ስለ ትምህርት ቤት ዜናና ስለ ተማሪ ዕድገት

ትችት የሚገባው ለታላቅ መጽሐፍ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ታላቁን መጽሐፍ የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ትምህርት ቤት አሳትሞ የሚያድለውን የዜና ወረቀት ግን እናትም አባትም ልጅም ያነቡታል፤ ስሙ የወጣለት ልጅማ ቈርጦ በሣጥኑ ያኖረዋል። ልጅ ምን ሲሠራ እንደሚመሰገን፣ ምን ሲሠራ ደግሞ ማንም እንደማያየው ከዚህ ወረቀት ይማራል። ስለዚህ ወረቀቱ ትንሽ ቢሆንም የሚሰጠው ትምህርት ትንሽ አይደለም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር እንዲህ ነው። በደባርቅ ከተማ በቅሎ እየጫነ እንግዶችን ወደ ስሜን ተራራ የሚያደርስ አንድ ሰው አለ። በልጅነቱ ጥቂት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ አባቱ ሲሞቱበት ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻና ወደ በቅሎ ሥራ ገባ። አንድ ቀን ከቤቴ መጥቶ በእንግሊዝኛ የታተመ ባለ ቀለም መጽሔት ከጋቢው ሥር አወጣና፣ «ጋሼ፣ አንተ ያለህበት ነው ብለው ሰጡኝ፤ እስቲ ስለ እኔ የሚለውን ያንብቡልኝ» አለኝ።

መጽሔቱ ከአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የወጣ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና። በውስጡ የኳስ ጨዋታ ውጤት፣ የሙዚቃ ምሽት፣ የአዳዲስ መምህራን አቀባበል፣ ለችግረኞች የተሰበሰበ ገንዘብ ይነገራል። ከዚያ ቀጥሎ የተማሪዎቻችን ዕድገት በሚል ርእስ ወደ ስሜን የተደረገው ጉዞ በአራት ገጽ ተጽፏል። ሳንቃበር ማደራቸውን፣ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲነጭ ማየታቸውን፣ በጨነቅ ገደል ዋልያ ማየታቸውን፣ ለአንድ መንደር ልጆችም ደብተርና እርሳስ ማደላቸውን ይተርካል። በሦስተኛው ገጽ ላይ የዚያ ሰውና የበቅሎው ፎቶግራፍ አለ። ከግርጌው የተጻፈውን አነበብሁ። ልጆቹ ለበቅሎዪቱ ያወጡላት የፈረንጅ ስም ታትሟል፤ የእርሱ ስም ግን አልታተመም፤ የአገሩ ሰው ብቻ ይላል።

እውነቱን ልንገረው ወይስ ልደብቀው ብዬ ጥቂት ዝም አልሁ። በኋላ ግን እንደ ተጻፈው አነበብሁለት። ሳቀና፣ «ይሁን፤ ጭነቱን የተሸከመችው እርሷ ናት» አለ። እኔ ስለዚህ ነገር ስጽፍ ስምህን ላውጣው ወይ ብዬ ብጠይቀው ደግሞ፣ «ይቅር ጋሼ፤ አሁንማ የለመንሁት ይመስላል» አለኝ። እኔም ፈቃዱን አክብሬ ሳልጽፈው ቀረሁ።

የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ መልካሙን መናገር ይገባዋል። የመጽሔቱ ቋንቋ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው የጻፉትም ከነስማቸው ታትሟል። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ስለ አውቶቡስ ሰዓት ከተነገረው ማስታወቂያ በታች፣ አንዲት ተማሪ የጻፈቻት አጭር ጽሑፍ አለች። ልጅቱ ከመነሣቷ በፊት ከሁሉ ቀድሜ እወጣለሁ ብላ ፎክራ ነበር። ዳገቱ ላይ ግን ትንፋሽ አጠራት፤ ቦርሳዋንም ባለ በቅሎው ተሸከመላት። ማታ ልታመሰግነው ብትሄድ ቃሉን በአማርኛ እንደማታውቀው ተገነዘበች፤ በአገራችን ሦስት ዓመት ኖራለች። በዚህ እጅግ እንዳፈረች ሳትደብቅ ጽፋለች። ይህን ሳነብለት ሰውዬው ልጅቱን አስታወሳትና፣ «መጽሐፍ የሞላበት ቦርሳ ነበር፤ ስሟ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት፤ ሁለት ጊዜም አስደግሞ ያዘው።

በእኔ አስተያየት ከመጽሔቱ ሁሉ የተማሪ ዕድገት የሚታየው በዚህች ጽሑፍ ብቻ ነው። ዕድገት ማለት ሰው ትናንት ያላየውን ጉድለቱን ዛሬ ሲያይ፣ አይቶም ሲያርመው ነው። የመጽሔቱ አዘጋጆች ግን የደብተሩን እደላ በፊት ገጽ፣ ይህችን በኋላ ገጽ አደረጓት። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ማወቅ አያስቸግርም። ዜና የሆነውን መንገር ነው፤ ውዳሴ ደግሞ የሚወደደውን መርጦ መንገር ነው። ወላጅ ገንዘብ የሚከፍልበት ትምህርት ቤት ወላጁን ደስ ማሰኘት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ውዳሴውን ዜና ብሎ ያትመዋል። የዚህ ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚደርሰው በተመሰገነው ልጅ ላይ ነው፤ ሰጠሁ ብሎ ስለሚያስብ የተቀበለውን ለማየት ጊዜ አያገኝም።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች የተነሡበት ሐሳብ ግን የተናቀ አይደለም። (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረት ያላልሁበት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1924 በጄኔቭ የተከፈተው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በመንግሥታት ማኅበርና በዓለም የሥራ ድርጅት ለሚሠሩ ሰዎች ልጆች የተቋቋመ ሲሆን፣ የልዩ ልዩ አገር ልጆች አብረው ቢያድጉ ጦርነት ይቀራል የሚል ተስፋ ነበረበት። አገራችን በማኅበሩ ውስጥ የገባችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማ በ1923 ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያችው ከተማ ቆመው አቤት አሉ፤ የረዳቸውም አልነበረም። ይህ የልጆቹ ወይም የመምህራኑ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። የሰውን ዘር ሁሉ እወዳለሁ ማለት ቀላል መሆኑን፣ ዋጋ ከፍሎ ከአንድ ከተጠቃ ሰው ጎን መቆም ግን ከባድ መሆኑን እንድታስተውሉ ብቻ ነው።

ከዚያው ከጄኔቭ በ1968 ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው የትምህርት ሥርዓት ወጣ። ተማሪው ሊኖሩት የሚገቡትን 10 ጠባዮች ይዘረዝራል፤ ጠያቂ፣ ዐዋቂ፣ አሳቢ፣ ሐሳቡን የሚገልጥ፣ ሐቀኛ፣ የሌላውን ሐሳብ የሚቀበል፣ ርኅሩኅ፣ ደፋር፣ ሚዛናዊ፣ ራሱን የሚመረምር ይሁን ይላል። ከእነዚህ አንዱን እንኳ የሚነቅፍ ሽማግሌ በወገራም በስሜንም አይገኝም። ሥርዓቱ ተማሪው ለማኅበረሰቡ አገልግሎት እንዲሰጥም ያዝዛል። ይህም አገልግሎት ቀድሞ በሰዓት ይቈጠር ነበር፤ በኋላ ግን የሰዓቱን ቈጠራ ትተው ተማሪው ምን ተማረበት ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ስሕተትን ዐውቆ ማረም የሚያስመሰግን ነው። የዜና ወረቀቶቻቸውም እንዲሁ ቢታረሙ መልካም ነበር፤ ስንት ደብተር ታደለ የሚለው ገና እየተቈጠረ ነውና።

የተማሪ ዕድገት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጄኔቭ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1946 ተከፍቶ ነበር፤ መምህራኑ ብዙዎቹ እንግሊዞች፣ ተማሪዎቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ አዳሪዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ አስፋው የምሩ ነበር። ከቡልጋ በልጅነቱ ብቻውን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያደረ፣ በሰው ቤት ያገለገለ ልጅ ነው። ዊንጌት ከገባ በኋላ ከተማሪዎች ማዕድ የሚተርፈው ምግብ ሲጣል፣ ከደጁ ውጭ ደግሞ ልጆች ሲራቡ አየ። ትርፉ ለልጆቹ እንዲሰጥ ለመነ፤ ተፈቀደለት። ልጆቹ ከጠገቡ በኋላ ደግሞ መማር እንደሚፈልጉ አስተዋለና ገና ተማሪ ሳለ ከዛፍ ሥር ሰብስቦ ያስተምራቸው ጀመር። ከዚያች ዛፍ ሥር አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተወለደ። አቶ አስፋው በ2013 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ ለድኾች ልጆች ትምህርት ኖሩ፤ በ2001 ዓለም አቀፍ የሕፃናት ሽልማት ተሰጣቸው። ሽልማቱ የመጣው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑን ልብ በሉ። በመጀመሪያው ቀን፣ የተራቡት ልጆች ደጅ ላይ ሲበሉ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ቢቆም ኖሮ የልጆቹ እራት በዕፍረት የተቀላቀለ ይሆን ነበር።

ይህን የምናገረው በግምት አይደለም። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ማንበብን፣ እንግሊዝኛን፣ ሰዓት ማክበርን ከዚያ አገኘሁ፤ ውለታውን አልክድም። አንድ ቀን ፎቶግራፍ የሚያነሣ እንግዳ መጣ ተባለና እናቴ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ መጣች። ሰውዬው ግን በአስተርጓሚ የዘወትር ልብስሽን ለብሰሽ ተመለሽ አላት። ሄዳ ለውጣ መጣች። ከብዙ ዓመት በኋላ ፎቶግራፉን በአንድ አሮጌ የሚሲዮን ወረቀት ላይ አገኘሁት፤ ከሥሩ ስለ ድህነታችንና ስለ ትምህርት ቤቱ ቸርነት ተጽፎበታል። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበርና ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ልጅሽ ጎበዝ ነው ይላል ብዬ ዋሸኋት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የማተሚያ ቤት ወለምታ ደግሞ ከአፍ ወለምታ ይብሳል፤ ተቀምጦ ይቈያልና። ለባለ በቅሎው እንደ ተጻፈው ያነበብሁለት ያን ውሸቴን አስታውሼ ነው።

ወደ መጽሔቱ ልመለስና አንድ ሌላ ነገር ልንቀፍ። ስለ ግጭ ሜዳ የተጻፈው የሰው እጅ ያልነካው ምድር ይላል። ግጭ ግን ሰው የኖረበት፣ ገብስ የተዘራበት መንደር ነበር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ የዋልያ ቍጥር ስላነሰ፣ እርሻና ከብትም ስለ በዛ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመካከሉ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የግጭ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው በደባርቅ አጠገብ ሠፈሩ። ዋልያው መኖር ይገባዋል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ስለዚያ ሜዳ የሚጽፍ ተማሪ ስለ ቀዬው ሰዎች ቢጠይቅ ኖሮ የሚመልስለት ሰው ከፊቱ በቅሎ እየሳበ ይሄድ ነበር። ዓይን የተራራውን ውበት አይቶ የሰውን ዱካ ካላየ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

እኛስ ከዚህ ነፃ ነን? አይደለንም። በየትምህርት ቤቶቻችን በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ጊዜ ሚኒ ሚዲያ የሚናገረውን አድምጡ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከማለት አያልፍም። እኔም ብዙ ዓመት በወላጆች ቀን ይህንኑ ስጠራ ኖሬያለሁ። አንድ ዓመት ፊደል በቅጡ ያልለየ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ አነበበ። ደረጃው ግን ከ58 ተማሪዎች 51ኛ ስለ ነበረ ስሙን አልጠራሁም። ከዚያ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ አብልጦ ያደገው እርሱ ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ዓለም አቀፍ የሚለው ስምም በክፍያ ብዛት የሚገኝ አይምሰላችሁ። በዳባት ወረዳ አለምዋጭ በሚባለው ስፍራ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች ሠፍረዋል። አንድ የዳባት ልጅ ከእነርሱ ልጆች ከአንዱ ጋር ኳስ ቢጫወት፣ ስሙንም ጠይቆ ቢያውቅ፣ በዚያች ሰዓት ዓለም አቀፍ ትምህርት ተምሯል። ነገሩን የሚጽፈው ተማሪም ያንን ልጅ በስሙ ይጠራዋል ወይስ አንድ ስደተኛ ብሎ ያልፈዋል? ፈተናው ይህ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ የትምህርት ቤት ጋዜጣ ታዘጋጃላችሁ። ስለ ሰው ከመጻፋችሁ በፊት ስሙንና ፈቃዱን ጠይቁ። የሰጣችሁትን ስትጽፉ የተቀበላችሁትንም ጻፉ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለተጻፈበት ሰው አንብቡለት፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ይልቁንም አንብቡለት። ስትጨርሱ ፊቱን ቀና ብላችሁ ማየት ካቃታችሁ ጽሑፉ መታረም አለበት። ይህን ብታደርጉ ጋዜጣችሁ ምናልባት ውዳሴው ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ልጅ እናቱ ፊት ዋሽቶ እንዳይቆም ታደርጋላችሁ።