የአንዲት ካርቦን ሙያ

ኢማቲኒብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ሞለኪውል ወረቀት ላይ ሲሣል አምስት ቀለበቶች ተቀጣጥለው የተዘረጉበት ነገር ነው። 29 ካርቦን፣ 31 ሃይድሮጅን፣ 7 ናይትሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፤ በቃ። ከመካከለኛው ቀለበት ጎን አንዲት ካርቦን ሦስት ሃይድሮጅኖቿን ይዛ ብቅ ብላለች። ኬሚስቶች ሜቲል ይሏታል። ዓይን አትሞላም፤ ሣዩ ረስቷት ቢያልፍ ከመቶ አንባቢ ዘጠና ዘጠኙ አያስተውልም። እኔ ግን ስለ ካንሰር መድኃኒቶች ካነበብኩት ሁሉ እንደ እሷ ያስደነቀኝ ሥራ የለም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት በሽታውን አስቀድሜ ልንገር።

እ.ኤ.አ. በ1960 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ፒተር ናወል እና ዴቪድ ሃንገርፎርድ ፊላደልፊያ ውስጥ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ሴሎች ሲመረምሩ ከልክ በላይ ያጠረች አንዲት ክሮሞዞም አዩ። የጎደለው ቁራጭ የት እንደገባ እስከ 1973 ድረስ አልታወቀም። ያገኘችው ቺካጎ የነበረችው ጃኔት ራውሊ ናት። የክሮሞዞሞቹን ፎቶግራፍ ቤቷ ወስዳ፣ ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ በመቀስ እየቆረጠች ስታነጻጽር፣ ልጆቿ በወረቀት አሻንጉሊት የምትጫወት መስሏቸው ይቀልዱባት ነበር። ከ22ኛው ክሮሞዞም የተቆረጠው 9ኛው ላይ፣ ከ9ኛው የተቆረጠው ደግሞ 22ኛው ላይ ተቀጥሏል። በመጋጠሚያው ላይ ሁለት ጂኖች ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያም ቢሲአር-ኤብል የተባለ፣ ጤነኛ ሰው ዘንድ የማይገኝ ፕሮቲን ይወለዳል።

ከተጣበቁት አንዱ፣ ኤብል፣ ካይኔዝ ነው። ካይኔዞች ኤቲፒ ከተባለው የኃይል ሞለኪውል ፎስፌት እየነጠቁ በሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋሉ፤ የተለጠፈበትም ሥራውን ይጀምራል ወይም ያቆማል። ሴል «ተከፈል» ወይም «እረፍ» የሚል ምልክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርሰው በዚህ መልክ ነው። ጤነኛው ኤብል ሲታዘዝ ይሠራል፣ ሲበቃው ያርፋል። የተጣበቀው ግን ማረፍ የሚባል አያውቅም፤ ነጭ የደም ሴሎችም ያለማቋረጥ ይባዛሉ።

ታዲያ እሱን ይዞ ማስቆም ነው። ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ሰውነታችን ውስጥ ግን ከ500 በላይ ካይኔዞች አሉ፣ ሁሉም ኤቲፒን ይቀበላሉ፣ የሚቀበሉበትም ጎድጓዳ ስፍራ እጅግ ይመሳሰላል። በዚያ ስፍራ ገብቶ አንዱን ብቻ የሚይዝ ሞለኪውል አይሠራም የሚሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ሞኞችም አልነበሩም። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ፣ ሲባ-ጋይጊ በተባለው ኩባንያ ውስጥ አሌክስ ማተር፣ ኒክ ላይደን፣ ኤሊዛቤት ቡክዱንገር እና ኬሚስቱ ዩርግ ሲመርማን ሥራውን የጀመሩት ይህ አስተያየት ባየለበት ጊዜ ነው።

መነሻቸው ፌኒልአሚኖፒሪሚዲን የሚባል ተራ ሞለኪውል ነበር። ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለውን ሌላ ካይኔዝ የሚገታ ነገር ሲፈለግ የተገኘ፣ አያያዙ ላላ ያለ ነገር ነው። ሲመርማን በእሱ ላይ እየቀጠለ ሄደ። በአንዱ ጫፍ ፒሪዲን የተባለ ቀለበት ሲጨመር ሞለኪውሉ በሙከራ ብልቃጥ ብቻ ሳይሆን በሕያው ሴል ውስጥም መሥራት ቻለ። በሌላው ጫፍ በአማይድ ትስስር ሌላ ቀለበት ሲቀጠል ኤብል ያለበትን የካይኔዝ ቤተሰብ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ግን ፕሮቲን ካይኔዝ ሲን አሁንም አልለቀቀም። እሱን መንካት ደግሞ ሳይፈልጉት የሚመጣ ጣጣ ነው።

ሜቲሏ የገባችው እዚህ ላይ ነው። የተቀመጠችው የመነሻውን ሞለኪውል ሁለት ቀለበቶች ከሚያገናኘው ናይትሮጅን አጠገብ ነው። ከዚያ በፊት ቀለበቶቹ በናይትሮጅኑ ላይ እንደልብ ይዞሩ ነበር፤ ከፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ጋር የሚስማማውንም፣ ከኤብል ጋር የሚስማማውንም አቀማመጥ ይይዙ ነበር። ሜቲሏ፣ የመጥረቢያ እጀታ እንዳይዞር እንደሚመታ ሽብልቅ፣ ቦታ ይዛ ዙሩን ከለከለች። ቀለበቱ ዘወር ብሎ ቀረ። በዚያ አቀማመጥ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ጋ መግባት አይቻልም፤ ኤብል ጋ ግን ይቻላል። በአራት አቶሞች ብቻ፣ ያውም ኤብልን ጠበቅ አድርጎ ለመያዝ ሳይሆን ሌላውን ለመተው።

ሞለኪውሉ ይህን ሁሉ ሆኖም ክኒን መሆን አልቻለም ነበር። ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ከአንጀት ወደ ደም በበቂ መጠን አይገባም። መፍትሔው ፒፐራዚን የተባለ፣ ሁለት ናይትሮጅን ያለው ቀለበት በጫፉ ላይ መጨመር ነበር። ችኩል ሠራተኛ ቢሆን ቀለበቱን በቀጥታ ይለጥፈውና ይጨርስ ነበር። እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ልጥፍ ግን ዲኤንኤን ሊጎዳ የሚችል የአኒሊን ዓይነት አካል ስለሚፈጥር በመካከሉ አንዲት ካርቦን ለየብቻ ታደርጋቸው ዘንድ ገባች። ካንሰር ሊያክም የተነሳ መድኃኒት ራሱ የካንሰር ሰበብ እንዳይሆን ነው። ይህችን ጥንቃቄ ከሜቲሏ ቀጥሎ እወዳታለሁ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን በኋላ የታወቀው ነው። በ2000 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጆን ኩሪያን ቡድን የኢማቲኒብ ቅርብ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል ከኤብል ጋር እንደተያያዘ በኤክስሬይ ክሪስታል ጥናት አሳየ። መድኃኒቱ የሚይዘው በሥራ ላይ ያለውን ኤብል አይደለም፤ ያረፈውን፣ ተጣጥፎ የተኛውን ነው። ካይኔዞች ሲሠሩ ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠሩ ሌላ መልክ ሊኖራቸው አይችልም። ሲያርፉ ግን እያንዳንዱ በራሱ አኳኋን ይታጠፋል። ኢማቲኒብ ልዩነቱ ባለበት ሰዓት ጠብቆ ገብቶ፣ እንዳይነሣ አድርጎ ይይዘዋል። ሠሪዎቹ ይህን አያውቁም ነበር። እየቀጠሉ፣ እየለኩ፣ የተሻለውን እየያዙ ሲሄዱ እጃቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ደረሰ።

የሙከራውን ታሪክ ብዙ ሰው ጽፎታልና ባጭሩ ልለፈው። በኦሬገን ጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ብራያን ድሩከር በ1998 ለሰው መስጠት ጀመረ። በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሕሙማን የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማው ተመለሰ። ግንቦት 2001 አሜሪካ ፈቀደችው። በዋናው ጥናት ኢማቲኒብ ከተሰጣቸው ሕሙማን ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 83 በመቶ ያህል ናቸው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ የዚህ በሽታ ሕሙማንም በዓለም አቀፍ ልገሳ አማካይነት ክኒኑን በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል።

ካንሰሩም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ኤብል ውስጥ 315ኛ ሆኖ የተሰለፈው አሚኖ አሲድ ትሪዮኒን ነው፤ ኢማቲኒብ በሃይድሮጅን ትስስር የሚጨብጠውም እሱን ነው። በአንዳንድ ሕሙማን በትሪዮኒን ቦታ አይሶሉሲን ይተካል። የሚጨበጠው ነገር ጠፋ፤ ላዩ ላይ ደግሞ መግቢያው በወፍራም አሚኖ አሲድ ጠበበ። ያን ያህል የተለፋበት ሞለኪውል ከደጅ ቀረ።

ለዚህ የተሰጠው መልስ ፖናቲኒብ ይባላል፤ የአሜሪካው አሪያድ ኩባንያ ሠርቶት በ2012 ተፈቀደ። ከኢማቲኒብ ጎን አድርጎ ላየው ፒፐራዚኑ ከነለያይ ካርቦኑ አለ፤ አማይዱም ግራ ቀኙ ተገልብጦ አለ፤ ሜቲልም ያው ብቅ ብላለች። በ315ኛው አካባቢ በሚያልፈው ክፍል ላይ ግን ሁለት ካርቦኖች በሦስትዮሽ ትስስር ተጋጥመዋል። እንዲህ ያለ ትስስር ቀጥ ያለ ነው፤ አይታጠፍም፣ ጎን የለውም፣ ሃይድሮጅን አልተሸከመም። አይሶሉሲኑ ያጠበበውን ስፍራ ሳይነካው ያልፋል። ብልሃቱን ሳደንቅ ዋጋውን መዝለል አልችልም፤ ፖናቲኒብ በደም ሥሮች ላይ ከባድ መዘጋት ስለሚያስከትል በ2013 አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ፣ በጠበቀ ገደብ ነው የተመለሰው። በ2021 የተፈቀደው አሲሚኒብ ደግሞ የኤቲፒውን ስፍራ ጨርሶ ትቶ ኤብልን በሌላ ጎኑ ይይዘዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ምልክትን ስለማቆም ነው። ዲኤንኤን የሚጠግኑ ፕሮቲኖችን የሚነኩት መድኃኒቶች ሌላ ዓይነት ጥበብ አላቸው። ኦላፓሪብን ብንወስድ ሞለኪውሉ ለዓይን ያን ያህል አያምርም። ያማረው የተመረጠለት ቦታ ነው።

በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ በየቀኑ ዲኤንኤ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርሳል። ከሁለቱ ክሮች አንዱ ሲበጠስ ፓርፕ-1 የተባለው ኢንዛይም ቀድሞ ይደርሳል፤ የተበጠሰው ላይ ተቀምጦ ረጃጅም የስኳርና የፎስፌት ሰንሰለቶች ይሠራል፣ በእነሱም ሌሎቹን ጠጋኞች ይጠራል። የሰንሰለቶቹ ኤሌክትሪክ ሙሌት እየበዛ ሲሄድ ዲኤንኤው ራሱ ስለሚገፋው ቦታውን ለጠጋኞቹ ይለቃል። ይህ ካልሆነ ትንሹ ብጥስ ዲኤንኤው በሚገለበጥበት ሰዓት የሁለቱም ክሮች ብጥስ ይሆናል። እሱንም የሚጠግኑ አሉ፤ ቢአርሲኤ1 እና ቢአርሲኤ2 ከሚረዷቸው ጋር ሆነው ከመንትያው ቅጂ እያነበቡ ያለ ስህተት ይጠግኑታል።

ከእናት ወይም ከአባት የተበላሸ ቢአርሲኤ የወረሰች ሴት በመላ አካሏ ሴሎች ውስጥ አንድ ደህና ቅጂ አላት። የማኅፀን እንቁልጢዋ ወይም የጡቷ ካንሰር ግን ያንንም ደህናውን ጥሏል። እንግዲህ በኦላፓሪብ ፓርፕን ብታቆሙት ጤነኛው ሴል በቢአርሲኤ ይጠገናል፤ የካንሰሩ ሴል የሚጠገንበት የለውም። የቀድሞዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ብዙዎቹ ዲኤንኤን ይመቱ ነበር፤ ፀጉርም፣ አንጀትም፣ የደም መቅኔም አብሮ ይመታል። ይህኛው ግን ይበልጡን ገዳይ የሚሆነው ሌላው ጠጋኝ በሌለበት ሴል ነው። አስተሳሰቡ አዲስ አይደለም፤ ለየብቻቸው የማይገድሉ ሁለት ጉድለቶች አንድ ላይ ሲሆኑ እንደሚገድሉ ካልቪን ብሪጅስ በ1922 በፍራፍሬ ዝንብ ላይ አሳይቷል። ወደ ካንሰር ሕክምና የመጣው በ2005 ሲሆን፣ የለንደኑ የአላን አሽዎርዝ ቡድን አንድ፣ የሸፊልዱ ቶማስ ሄሌዴይ እና የኒውካስሏ ኒኮላ ከርቲን ሌላ፣ ሁለት ጥናቶች በአንድ የኔቸር መጽሔት እትም አወጡ። ኦላፓሪብን የሠራው ኩዶስ ደግሞ በ1997 ስቲቭ ጃክሰን ካምብሪጅ ላይ ያቋቋመው ትንሽ ኩባንያ ነበር።

እዚህም ሠሪዎቹ ያላሰቡት ነገር ወጣ። በ2012 ጁንኮ ሙራይ እና ኢቭ ፖሚየር በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እንዳሳዩት፣ መድኃኒቱ ፓርፕን ከማስቆሙ በላይ ዲኤንኤው ላይ ቆልፎ ያስቀረዋል። ሰንሰለቱ ካልተሠራ የሚገፋው የለም፤ ቦታውን አይለቅም። ፓርፕ ጭራሽ ከሌለበት ሴል ይልቅ ፓርፑ የተቆለፈበት ሴል የባሰ ይጎዳል። ለዚህ ነው ኢንዛይሙን በእኩል ደረጃ የሚገቱ ሁለት መድኃኒቶች በመግደል ኃይላቸው እጅግ ሊራራቁ የሚችሉት።

ኦላፓሪብ ሊቀር ትንሽ ነበር የቀረው። ኩዶስን የገዛው አስትራዜኔካ በ2011 መጨረሻ በማኅፀን እንቁልጢ ካንሰር ላይ ወደ መጨረሻው ሙከራ እንደማይገባ አስታወቀ። ውጤቱ ቢአርሲኤአቸው በተበላሸ ሕሙማን ለይቶ ሲታይ ግን ጥቅሙ ጎልቶ ወጣ፤ በታኅሣሥ 2014 ተፈቀደ። በ2018 በወጣው ጥናት፣ ቢአርሲኤአቸው ተበላሽቶ ካንሰሩ ከፍ ወዳለ ደረጃ ከደረሰና በኬሞቴራፒ ከቀነሰላቸው ሴቶች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ኖረው በሽታው ያላገረሸባቸው ኦላፓሪብ ከወሰዱት 60 በመቶ፣ ካልወሰዱት 27 በመቶ ነበሩ።

እንደ ኤብል ሁሉ ይህም ካንሰር ማምለጫ ያበጃል፤ ያውም በረቀቀ መንገድ። የተበላሸው ቢአርሲኤ ጂን ላይ ሁለተኛ ስህተት ይደርስና የፊደሎቹ ንባብ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ ፕሮቲኑ ጥቂት ቢጎድለውም እንደገና ይሠራል። መድኃኒቱ የተመካበት ጉድለት በስህተት ላይ ስህተት ሲጨመር ተቃና ማለት ነው። ሌላው ችግር የደም ሴሎች መቀነስ ነው፤ ኦላፓሪብ ፓርፕ-1ን ሲይዝ ወንድሙን ፓርፕ-2ንም ይይዛል፣ ለደም መመረት የሚያስፈልገው ደግሞ ይበልጡን ሁለተኛው እንደሆነ ይታመናል። አሁን በሰው ላይ እየተሞከረ ያለው ሳሩፓሪብ ፓርፕ-1ን ጨብጦ ፓርፕ-2ን እንዲተው ሆኖ የተሠራ ነው።