እልኸኛውና ይሉኝተኛው

«ምን አጣላችሁ?» ቢባሉ በቅጡ መመለስ የማይችሉ ሁለት መኮንኖች አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይፋለማሉ። የሪድሊ ስኮት የመጀመሪያ ፊልም፣ «ዘ ዱዌሊስትስ» (እ.ኤ.አ. 1977)፣ ታሪኩ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል የምርጥ መጀመሪያ ሥራ ሽልማት አግኝቷል። ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ «ሥዕል ይመስላል፣ ግን ይቀዘቅዛል» ይባላል። አልስማማም። ቅዝቃዜ የሚመስለው ነገር ፍርሃት ነው።

ዘመኑ የናፖሊዮን ነው፤ 1800፣ ስትራስቡርግ። ሌተና ፌሮ (ሃርቪ ካይቴል) የከተማውን ከንቲባ ዘመድ በፍልሚያ ክፉኛ ያቆስላል። ሌተና ዲዩቤር (ኪት ካራዲን) ሄዶ የቁም እስር ትእዛዙን እንዲነግረው ይላካል፤ የሚያገኘውም በአንዲት ወይዘሮ ሳሎን፣ እንግዶች መሃል ነው። በቃ፣ ጥፋቱ ይቺው ናት። መልእክተኛው ባለጋራ ሆኖ ቀረ። ታሪኩን የጻፈው ጆሴፍ ኮንራድ ነው፤ መነሻ ያደረገውም ዱፖንና ፉርኒየ የተባሉ እውነተኛ የናፖሊዮን መኮንኖችን ነው።

ፌሮን ለመረዳት አይከብድም፤ እልኸኛ ነው። የሚያስቸግረው ዲዩቤር ነው። ነገሩ ጅልነት መሆኑን ያውቃል፤ ግን በተጠራ ቁጥር ይሄዳል። በሠራዊቱ ደንብ የማዕረግ እኩያ ያልሆኑ አይፋለሙም፤ ስለዚህ ሹመት ባገኘ ቁጥር እፎይ ይላል፣ ፌሮ እስኪደርስበት ድረስ። እንዲህ እያሉ ሁለቱም ጄነራል ይሆናሉ። ሰውየው ክፍተት ይፈልጋል እንጂ «አልመጣም» አይልም። ለምን? «ፈራ ይሉኛል» ብሎ ነዋ። ይሉኝታ የሚለው ቃላችን ለዚህ ሰው የተሰፋ ይመስላል። እልኸኛ ብቻውን አሥራ አምስት ዓመት መጣላት አይችልም፤ ይሉኝተኛ ያስፈልገዋል።

ፊልሙ ይህን በንግግር አያብራራም። በ1806 ሉቤክ ላይ በፈረስ ሆነው ከመፋለማቸው በፊት የዲዩቤርን ፊት እዩት፦ ያለፉት ፍልሚያዎች በጭንቅላቱ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ሰውየው በፍርሃት ደርቋል። ጓዳ ውስጥ በከባድ ጎራዴ ሲከታከቱም ድካማቸው ነው የሚታየው፤ ክንዳቸው እስኪዝል፣ ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ።

ስለዚህ የምታዩት ኮፒ ለውጥ አለው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በጣም የተጨመቀ ትንሽ ፋይል ነበር። ቪዲዮ መጭመቅ ማለት ዓይን አያስተውለውም የተባለውን መጣል ነው፤ ቦታ ሲጠብ ቀድሞ የሚጎዳው ጨለማና ጉም ነው። የፍራንክ ታይዲ ካሜራ ደግሞ የሚኖረው በሻማ ብርሃንና በማለዳ ጉም ውስጥ ነው። ጉሙ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰነጣጠቃል፤ በጥላ ውስጥ ያለ ፊት ጥቁር ንጣፍ ይሆናል። ያኔ የቀረኝ ጎራዴና ፈረስ ነበር። በ2013 በወጣው ብሉሬይ ሳየው ፍርሃቱን አገኘሁት። «ይቀዘቅዛል» የሚሉት ስንቶቹ በምን ኮፒ አይተውት ይሆን?

በ2002 የወጣው ዲቪዲም የራሱ ዋጋ አለው። ስኮት ራሱ ፊልሙን እያሳየ አሠራሩን ይተርካል፤ ወንድሙን ቶኒን ያሠራበት የመጀመሪያ አጭር ፊልሙ፣ «ቦይ ኤንድ ባይሲክል»፣ አብሮ አለ። ፊልምን እንደ ፋይል ብቻ ስንቀባበል ይህ ምስክርነት መንገድ ላይ ይቀራል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሴቶቹ እየመጡ ይሄዳሉ፤ ዲዩቤር የሚያገባት አዴል ሰው ከመሆኗ ይልቅ የሰላም ሽልማት ትመስላለች። ሞኝነቱን የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ ፊልሙ ግን ብዙም አይሰማቸውም።

መጨረሻውን ማወቅ የማይፈልግ እዚህ ያቁም። በ1816 በሽጉጥ ይገናኛሉ። ፌሮ ሁለቱን ጥይት ይጨርሳል፤ ዲዩቤር አንድ ይተርፈዋል፣ ግን አይተኩስም። በደንባችሁ መሠረት ሕይወትህ የእኔ ናት፣ ከእንግዲህ ለእኔ እንደ ሞተ ሰው ሁን ይለዋል። ያሰረው ደንብ ነው የፈታው። ግን ልብ በሉ፤ ለመፈታትም ቢሆን ቀጠሮው ላይ መገኘት ነበረበት።

ከዚያ ፌሮ ከፍታ ላይ ብቻውን ቆሞ ሸለቆውን ያያል፤ ብርሃን ደመናውን ሰንጥቆ ይወርዳል። በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው፤ የሚጠራው ሰው ግን የለውም።