«ማመንታት» ወይስ «መዘግየት»? በኢንተርኔት የብሪጅ ውድድር የዳኝነት ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ለአንድ ሙያ ስያሜ በሚመረጥበት ጊዜ ቃሉ ነገሩን እንዲጠራ እንጂ በነገሩ ላይ አስቀድሞ እንዳይፈርድ መጠንቀቅ የቃላት አዘጋጅ ቀዳሚ ተግባር ነው። ይህ ጥንቃቄ ለሕክምናና ለፍርድ ቤት ቃላት ሲደረግ ይታያል፤ ጨዋታ ግን ቀላል ነገር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ የጨዋታ ቃላት ብዙውን ጊዜ እንደ ነገሩ ይተረጎማሉ። የራሱ ሕግ፣ የራሱ ዳኛና የራሱ የይግባኝ ሥርዓት ያለው ጨዋታ ሲሆን ግን በስያሜ የተሠራ ስሕተት የተጫዋቹን ስም እስከ መንካት ይደርሳል። ይህ ጽሑፍ የብሪጅን የውድድር ሕግ፣ በተለይም ጨዋታው በኢንተርኔት ሲካሄድ፣ እንደ ምሳሌ ወስዶ ቃላቱን ይመረምራል።

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በ52 ካርታ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ስሙ ከድልድይ ጋር ያለው ዝምድና የተረጋገጠ ስላልሆነ ቃሉን እንዳለ መውሰድ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 13 ካርታ ይታደላል። በመጀመሪያ ጨረታ ይካሄዳል፤ ተጫዋቾቹ በየተራቸው እየጠሩ ከ13ቱ ዙር ስንቱን እንደሚያሸንፉ ይዋዋላሉ። ከዚያም ካርታው እየተጣለ ውሉ መፈጸሙ ወይም መውደቁ ይታወቃል። በጨረታው የሚፈቀዱት ጥሪዎች 38 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 35 የጨረታ ደረጃዎች፣ «ፓስ»፣ «ደብል» እና «ሪደብል» ናቸው። በአንጻሩ አንድ ተጫዋች ሊደርሰው የሚችለው የካርታ ስብስብ 635,013,559,600 ዓይነት ነው። ይህን የሚያህል ብዛት በ38 ጥሪዎች ለአጋር ማስታወቅ ራሱን የቻለ ትንሽ ቋንቋ ይጠይቃል፤ ከዚህ ቋንቋ ውጭ አንዳች ነገር ለአጋር ማስተላለፍ አይፈቀድም። የዳኝነቱ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዛሬ በስፋት የሚታወቀውን የብሪጅ ዓይነት አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 ቅርጽ ሰጠው። የዓለም የብሪጅ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቋመ። አጋሮች እንዳይተያዩ ጠረጴዛውን የሚከፍለው መጋረጃ በዓለም ሻምፒዮና ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1975 በቤርሙዳ ነበር፤ በዚያው ውድድር ሁለት ተጫዋቾች በእግር ምልክት ይለዋወጣሉ ተብለው ስለ ተከሰሱ ከጠረጴዛው በታች ያለውም ክፍት ቦታ እንዲዘጋ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ አዳራሾችን ሲዘጋ ውድድሩ በብዛት ወደ ኢንተርኔት ዞረ። በዚህ ጊዜ ለጠረጴዛ የተጻፈው ሕግ ጠረጴዛ በሌለበት ሥራ ላይ ይውል ጀመር።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ተጫዋቾቹ እንደ ጨዋታው ልማድ በአራቱ ማዕዘናት ስም ይጠሩ። ደቡብ «አንድ ስፔድ» ብሎ ጨረታውን ይከፍታል፤ ምዕራብ ያልፋል። ሰሜን ሦስት ስፔድና መጠነኛ ጥንካሬ ስላለው «ሁለት ስፔድ» በማለት አጋሩን ይደግፋል። ምሥራቅ «ሦስት ኸርት» ይላል። ሌላ ጊዜ በአምስት ሰኮንድ የሚጠራው ደቡብ አሁን ሠላሳ ሰኮንድ ቆይቶ ያልፋል፤ ምዕራብም ያልፋል። ተራው የሰሜን ነው፤ «ሦስት ስፔድ» ይላል፤ ሌሎቹ ያልፋሉ፤ ውሉም ይፈጸምና 140 ነጥብ ያገኛሉ። ምሥራቅ ግን ዳኛ ይጠራል። አቤቱታው የደቡብ መቆየት ለሰሜን «ከጠራሁት የበለጠ አለኝ» የሚል መልእክት አስተላልፏል የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ሕግ በአንቀጽ 16 ለዚህ መልስ አለው። አንድ ተጫዋች ከአጋሩ ጥሪ ሳይሆን ከአጠራሩ ሁኔታ ያገኘው መረጃ ያልተፈቀደ መረጃ ነው፤ ያ መረጃ በግልጽ የሚያመለክተውን አማራጭ ሌላ አማራጭ እያለ ሊመርጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ዳኛው በመጀመሪያ መዘግየቱ ነበረ ወይ፣ ቀጥሎ መዘግየቱ ምን አመለከተ፣ በመጨረሻም ለሰሜን ማለፍ አማራጭ ነበረ ወይ ብሎ መመርመር ይኖርበታል። ማለፍ አማራጭ ከነበረ ውጤቱ ወደ ሦስት ኸርት ይዞራል፤ ሦስት ኸርት ይፈጸም አይፈጸም አጠራጣሪ ሲሆንም ዳኛው ውጤቱን በአንቀጽ 12 መሠረት ሊያከፋፍል ይችላል። ለምሳሌ ሁለቱም ወገኖች የውድቀት ዋጋ ከፍ በሚልበት ሁኔታ ላይ ካልሆኑ ከመቶ 60 እጅ ተፈጽሞ ለምሥራቅና ለምዕራብ 140፣ ከመቶ 40 እጅ በአንድ ዙር ወድቆ ለሰሜንና ለደቡብ 50 ተብሎ ሊወሰን ይችላል። አሠራሩ የተጣራ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን በየእርምጃው የስያሜ እንቅፋት ያጋጥማል።

የመጀመሪያው እንቅፋት የደቡብ መቆየት ስም ነው። ሕጉን ለመተርጎም የሚነሣ ሰው ፈጥኖ የሚያገኘው አቻ ቃል «ማመንታት» ነው። «ማመንታት» ከ«መንታ» ጋር የሚዛመድ ቃል ሲሆን የሚያመለክተው የሐሳብን ለሁለት መከፈል ነው። «መዘግየት» ግን የሚያመለክተው የጊዜን መርዘም ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስለ ልብ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ሰዓት። በአዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ተቀራርበው ይገኙ ይሆናል፤ የተጫዋቹ እጅ ወደ ጥሪ ካርዶቹ ሄዶ ሲመለስ፣ ፊቱም ሲጨማደድ ተቀናቃኞቹ ያያሉና። ሕጉም ያልተፈቀደ መረጃ ከሚመነጭባቸው ነገሮች መካከል ቃናን፣ የእጅ ምልክትን፣ እንቅስቃሴንና አኳኋንን ይቆጥራል። በኢንተርኔት ግን ከእነዚህ አንዱም ወደ አጋር አይደርስም፤ የሚደርሰው ጊዜ ብቻ ነው። ያም ጊዜ ምንጩ ብዙ ነው። ደቡብ ያሰበ ሊሆን ይችላል፤ የምሥራቅን ጥሪ ትርጉም በጽሑፍ ጠይቆ መልስ ሲጠብቅ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ተቋርጦበት ወይም በሩ ተንኳኩቶበት ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተር ጊዜውን ሊመዘግብ ይችላል፤ ምክንያቱን ግን አይመዘግብም። እንግዲህ በመዝገቡ ላይ «ደቡብ አመነታ» ብሎ የሚጽፍ ዳኛ ገና ያልተመረመረውን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መጻፉ ነው። «ደቡብ ዘገየ» ቢል ግን የታየውን ጽፎ የቀረውን ለምርመራ ይተዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት ሰሜን ነበረው የተባለው አማራጭ ስም ነው። በሕጉ የተሰጠውን ስም ቃል በቃል «ምክንያታዊ አማራጭ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ የተባለ እንደ ሆነ አንባቢው ጉዳዩ የአስተሳሰብ ትክክለኛነት ይመስለዋል። የሕጉ ትርጓሜ ሌላ ነው። በችሎታ ከሰሜን ጋር የሚስተካከሉና የእርሱን የጨረታ ስምምነት የሚጠቀሙ ተጫዋቾች፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በብርቱ የሚያስቡበት፣ አንዳንዶቹም ሊመርጡት የሚችሉት እርምጃ ማለት ነው። ለዚህም ነው ዳኞች መዘግየቱን ሳይነግሩ የሰሜንን ካርታ ለሌሎች ተጫዋቾች እያሳዩ «አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?» ብለው የመጠየቅ ልማድ ያላቸው። መለኪያው የእኩዮች ልማድ ስለ ሆነ «የእኩዮች አማራጭ» የሚለው ስያሜ ለትርጓሜው ይቀርባል። እንዲህ ከተባለ ውሳኔ የተሰጠበት ሰሜን «ምክንያቴ ትክክል ነበር» ብሎ መከራከሩ ከነጥቡ ውጭ መሆኑን ከስያሜው ብቻ ይረዳል።

ሦስተኛው «ፍርድ» የሚለው ቃል ነው። በእንግሊዝኛው የተጫዋቹ የካርታ ግምትም የዳኛው ውሳኔ የሚመሠረትበት አስተያየትም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ተጫዋቹ ለአስ 4፣ ለንጉሥ 3፣ ለንግሥት 2፣ ለጃክ 1 ነጥብ እየሰጠ ከ40ው ነጥብ የደረሰውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ቁጥሩ የማይነግረውን፣ የካርታውን አቀማመጥና የተቀናቃኞቹን ጥሪ፣ አይቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ሚዛን እንጂ ፍርድ አይደለም፤ «ምዘና» ቢባል ይበቃል። ዳኛው የሚሰጠው ደግሞ «ብይን» ነው። ሁለቱ ካልተለያዩ የዳኛው ሥራ ራሱ ይድበሰበሳል፤ ዳኛው የሚመረምረው የሰሜን ምዘና ጥሩ መሆኑን ሳይሆን ምዘናው ከአጋሩ መዘግየት ነፃ መሆኑን ነውና። ጥሩ ምዘና ኖሮ ብይኑ ሊያፈርሰው ይችላል፤ መጥፎ ምዘናም ኖሮ ብይኑ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደው «ጥፋተኛ ወገን» የሚለው ነው። ሕጉ በመግቢያው ዓላማው መቅጣት ሳይሆን ያላጓደለው ወገን እንዳይጎዳ ነገሩን ማስተካከል መሆኑን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው ማሻሻያም «ቅጣት» የሚለው ቃል በብዙ ቦታ «እርማት» በሚል ተተክቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በመዘግየት ውጤቱ የተስተካከለበትን ወገን እስካሁን የሚጠራው በጥፋት ስም ነው። ሕጉ እዚህ ላይ ከራሱ መግቢያ ጋር ይጣላል። በእንግሊዝኛው የሙያ ልማድ ቃሉን አለዝቦት ይሆናል፤ በአማርኛ ግን «ጥፋተኛ» የተባለ ሰው ጥፋተኛ ነው። ከዚህም በላይ አንቀጽ 73 አስቀድሞ በተመከረበት ስውር ዘዴ መረጃ መለዋወጥን ከጥፋቶች ሁሉ የከፋ ይለዋል። ሠላሳ ሰኮንድ የቆየን ሰውና በስውር ምልክት የሚያጭበረብርን ሰው በአንድ ቃል የምንጠራ ከሆነ ለሁለተኛው የምናስቀረው ስም አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያው «ደንብ ያጓደለ ወገን» ቢባል፣ «ጥፋት»ም ለሁለተኛው ብቻ ቢጠበቅ ይገባል።

አምስተኛው የግሥ ጉዳይ ነው። ሕጉ ረዳት ግሦቹን እንደ ክብደታቸው በደረጃ አስቀምጧል። ዝቅተኛው ባይፈጸም ስሕተት የሌለበትን ፈቃድ፣ ቀጣዩ ተራ ሥርዓትን፣ ሦስተኛው መጓደሉ እምብዛም የማያስቀጣውን፣ አራተኛው ብዙውን ጊዜ የሚያስቀጣውን፣ አምስተኛው ከባዱን ግዴታ ያሳያል። እነዚህን «ይችላል»፣ «ያደርጋል»፣ «ይገባዋል»፣ «ማድረግ አለበት» እና «ግዴታው ነው» ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። በአሉታ ግን መሰላሉ ይለወጣል፤ በአዎንታ ዝቅተኛ የነበረው ረዳት ግሥ በአሉታ ከከባዱ ክልከላ ጥቂት ብቻ የሚያንስ ይሆናል። ተርጓሚው እዚህ ላይ «አይችልም» ካለ ተሳሳተ። በኢንተርኔት ተጫዋቹ በእርግጥ የማይችላቸው ነገሮች አሉ፤ ፕሮግራሙ ስለሚከለክለው ያለ ተራው መጥራት፣ ከቀደመው ያነሰ ጥሪ መጥራት፣ የተጠየቀውን የካርታ ዓይነት እያለው ሌላ መጣል አይችልም። ሰሜን ግን «ሦስት ስፔድ» ማለት ይችላል፤ አይፈቀድለትም እንጂ። መሣሪያው የሚከለክለውና ኅሊና የሚከለክለው በአንድ ግሥ ሲነገሩ ተጫዋቹ «ኮምፒዩተሩ ካልከለከለኝ ተፈቅዶልኛል» ወደሚል መደምደሚያ ይሄዳል።

ለአማርኛ የሚመች ስያሜ የተገኘበት ቦታም አለ። አንቀጽ 25 ተጫዋች ያላሰበውን ጥሪ ቢጠራ አጋሩ ከመጥራቱ በፊት እንዲያርም ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ስሕተቱ የአፍ ወይም የእጅ መሆን አለበት እንጂ የሐሳብ መዘናጋት መሆን የለበትም። አማርኛ «የአፍ ወለምታ» የሚል አለው፤ ምሳሌያዊ አነጋገሩም የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል። የብሪጅ ሕግ ግን ያሸዋል። ታዲያ በኢንተርኔት ያልታሰበ ጥሪን መንካት «የጣት ወለምታ» ቢባል ተናጋሪው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ከ«መዘናጋት»ም በቀላሉ ይለያል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው «መዘግየት» ደረቅ ነው፣ «ማመንታት» ግን ሕያው ነው የሚል ነው። ለልብ ወለድ ደራሲ ይህ እውነት ነው፤ ለመዝገብ ጸሐፊ ግን ድርቀቱ ጥቅም ነው። ሁለተኛው ይበረታል፤ ሕጉ ራሱ፣ ለምሳሌ በአንቀጽ 25፣ ስለ ተጫዋቹ ሐሳብ መመርመሩ ስለማይቀር የልብን ነገር ከስያሜ ማስወጣት አይቻልም ይላል። ይህን እንቀበላለን። የምንለው ግን የልብ ነገር በምርመራው መጨረሻ ይምጣ እንጂ በስያሜው መጀመሪያ አይግባ ነው። ዳኛው መርምሮ «አመነታ» ቢል ብይን ነው፤ ሳይመረምር ቢል ግን ቃሉ ለእርሱ በይኖለታል።

ብሪጅ በአገራችን ብዙ ተጫዋች ያለው ጨዋታ አይደለም። የተነሣው ጥያቄ ግን የብሪጅ ብቻ አይደለም። የትምህርት ቤት ፈተና፣ የሥራ ቃለ መጠይቅና የችሎት ምስክርነት በኮምፒዩተር በኩል ሊካሄዱ በሚችሉበት ዘመን ከሰው የሚደርሰን ምልክት የጊዜ መርዘምና ማጠር ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል። በዚያን ጊዜ የዘገየውን ሁሉ «ያመነታ»፣ ያመነታውን ሁሉ «ጥፋተኛ» የሚል መዝገበ ቃላት ካለን ብዙ ሰው ሳይጠየቅ ይፈረድበታል። «መዘግየት»፣ «የእኩዮች አማራጭ»፣ «ምዘና»፣ «ብይን»፣ «ደንብ ያጓደለ»፣ «አይፈቀድለትም» እና «የጣት ወለምታ» የሚሉት ስያሜዎች ለውይይት የሚቀርቡት ይህ እንዳይሆን ነው።