የቅጥር ግቢ አያያዝ በዝናብ አገር፤ ስለ ሚዛን ተፈሪና ስለ ቴፒ የቀረበ ሂስ

ስለ ዩኒቨርስቲ ቅጥር ግቢ ማማር በአገራችን ሲነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የበሩ ትልቅነት፣ የአበባው ብዛትና የግድግዳው ቀለም ነው። እነዚህ ሁሉ መልካም ነገሮች መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፣ በጠቅላላውም በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ የግቢ ውበት የሚጀምረው ከበሩም ከአበባውም አይደለም፤ ከአሸንዳው ነው። ይህን አባባል ተራ ቀልድ አድርጎ የሚወስድ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ነገሩ በቍጥር ሊታይ የሚችል ነው።

እንደሚታወቀው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርስቲ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው በሁለት ከተሞች ላይ የቆመ ነው። ሚዛን በቤንች ሸኮ ዞን፣ ቴፒ በሸካ ዞን ይገኛሉ፤ ማጂ ያለበት ምዕራብ ኦሞም ጎረቤታቸው ነው። ሦስቱም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። የአገሩ ጠባይ ግን ከክልል አከላለል ጋር አይለወጥም። ቆላማነት ያለው፣ ሙቀትና እርጥበት የተባበሩበት፣ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ እምብዛም የማያቋርጥ፣ በዓመትም ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወርድበት አገር ነው። አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው፤ ለቡና የተመቸውን ያህል ለነጭ ግድግዳ ጠላት ነው።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በአንድ ጊዜ አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርስቲዎችን ለመሥራት ሲነሣ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ረዳትነት የተመራው ፕሮግራም አንድ ዓይነት የሕንፃ ንድፎችን አዘጋጅቶ በየቦታው እንዲሠሩ አደረገ። ማደሪያው፣ መማሪያው፣ መመገቢያው ሁሉ እንደ ሸማ ቍራጭ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ነበር። ይህን ያደረጉበት ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ ወጪ ይቀንሳል፣ ሥራ ያፋጥናል፣ በየቦታው ያለ ተቋራጭ አንድ ጊዜ የተማረውን ደግሞ ይሠራበታል። የሚያስገርመው ግን ከአሥራ ሦስቱ መካከል ሰመራም ሚዛንም መገኘታቸው ነው። ሰመራ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር እንኳ ዝናብ የማያይ የአፋር ምድር ነው። በዚያ ጣሪያ ማለት ከፀሐይ መጠለያ ነው። በሚዛን ጣሪያ ማለት የወንዝ መነሻ ነው። አንድ ንድፍ ለሁለቱም የሚስማማው ወይ ለአንዱ ሲበዛ ነው፣ ወይ ለሌላው ሲያንስ ነው።

ቍጥሩን እንመልከት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የአንድ ማደሪያ ጣሪያ 600 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 900,000 ሊትር ውሃ ከዚያ ጣሪያ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች ሃያ ቢሆኑ 18 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ የግድ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። አሸንዳና ቦይ ካለው ወደ ታሰበለት፤ ከሌለው ወይም አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ወደ ግድግዳው ሥር። ከጣሪያ ጠርዝ የሚወድቅ ውሃ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ጭቃውን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ይረጨዋል፤ በዝናብ አገር ባሉ ብዙ ቤቶች ላይ እስከ ጉልበት ድረስ የሚታየው ቀይ መስመር ምንጩ ይኸው ነው። ከዚያ እርጥበቱ ወደ ልስኑ ይዘልቃል፤ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል፤ ሻጋታ ይከተላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮሚቴ ይሰበሰብና ግድግዳው ቀለም ይቀባ ተብሎ ይወሰናል። ቀለሙ አንድ ክረምት ያገለግላል። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው እንደገና ይሰበሰባል።

በዚህ ረገድ የአገሩ ገበሬ ከእኛ የተሻለ መሐንዲስ ሆኖ ኖሯል። የሣር ክዳኑን አቀበት አድርጎ፣ ጠርዙን ከግድግዳው አሳልፎ አውርዶ፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ ነው ቤት የሚሠራው። የክዳኑ ጠርዝ መርዘሙ ለጌጥ አይደለም። ጭቃ ግድግዳ በዚህ ዝናብ ሥር ዓመታት ሊቆም የቻለው ስለማይርስ ነው። የሲሚንቶ ሕንፃ ጠንካራ ስለሆነ ይህ ጥንቃቄ አያስፈልገውም ብሎ ማሰብ፣ ጃንጥላ የያዘን ሰው ባለካፖርቱ እንደ መናቅ ነው፤ ካፖርቱም ይርሳል።

ስለ ነጫጭ ድንጋዮችም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። የምረቃ በዓል ወይም የትልቅ ሰው ጉብኝት ሲቃረብ፣ በመንገዱ ዳርና በዛፉ ሥር የተደረደሩ ድንጋዮች ኖራ ሲቀቡ ያልታየበት የትምህርት ቤት ግቢ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። የዛፉ ግንድ ራሱ እስከ ወገቡ ኖራ ይለብሳል። ይህ ልማድ ከወዴት እንደ መጣ ለመመርመር ቦታው አይደለም፤ ነገር ግን በቀይ አፈርና በዘጠኝ ወር ዝናብ መካከል ነጭ ድንጋይ ማኖር፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚሆነውን አለማሰብ ነው። ኖራው የተገዛበት ገንዘብ ስንት ሜትር አሸንዳ ይገዛ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የሒሳብ ተማሪ እስካሁን አልገጠመንም።

አንዳንዶች የመልካም ግቢ ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱት የስድስት ኪሎውን ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርስቲ ሲሰጥ፣ ተማሪው የተረከበው ሕንፃ ብቻ አልነበረም፤ ዛፍ፣ ጥላ፣ መናፈሻና የአትክልተኛ ልማድ ጭምር ነበር። ስለዚህ በስድስት ኪሎ የሚመላለስ ተማሪ እርሱ ሳይወለድ በተተከለ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ይህ ዕድል ለአዲስ ዩኒቨርስቲ አይገኝም። ይሁን እንጂ ንጽጽሩ በደቡብ ምዕራብ ሲሆን ይገለበጣል። አዲስ አበባ በዛፍ እጦት የተቸገረችና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ በመጣው ባሕር ዛፍ የዳነች ከተማ ናት፤ በዚያ ግቢ ማሳመር ማለት መትከል ነው። በደን አገር ግን ሥራው የሚጀምረው ባለመቁረጥ ነው። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሰሳው፣ ብርብራውና ቀረሮው ከእኛ በፊት የነበሩ ናቸው። ከከፋ ደን በኋላ የሸካ ደንም በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ አገር ላይ የሚሠራ ግቢ በመጀመሪያ በትራክተር ተመንጥሮ፣ ከዚያ በግራቪሊያና በጽድ ቢታጠር፣ ውጤቱ ሌላ ቦታ የነበረ ግቢ እዚህ ተሳስቶ የወረደ ያስመስለዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ጥቅጥቅ ያለ ተክል እባብ ይደብቃል፤ ሌባም ይደብቃል፤ ከቤተ መጻሕፍት በሌሊት ወደ ማደሪያዋ የምትመለስ ተማሪ ግራና ቀኟን ማየት አለባት። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ እንዲያውም ስለ ግቢ ውበት ከሚነገረው ሁሉ ይህ ይበልጣል ብንል አላጋነንም። ግቢ ውብ ነው የሚባለው የሚፈሩት ሰዎች ሳይፈሩ ሊሄዱበት የሚችሉ ሲሆን ነው። ነገር ግን መልሱ መመንጠር አይደለም፤ መልሱ በቡና እርሻ ውስጥ አለ። ከበበቃ ወይም ከቴፒ የቡና እርሻዎች አንዱን ያየ ሰው፣ ጥላ ዛፉ ከላይ ከፍ ብሎ፣ ቡናው ከሥር ተገርዞ፣ መሬቱ ከአረም ጸድቶ፣ በረድፍ መካከል እስከ ሩቅ ድረስ እንደሚታይ ያውቃል። ከፍ ያለ ጥላና የጸዳ ሥር ማለት ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ሦስት ሜትር ያህል ዝቅተኛ ሣር ቢተውና መብራቱ ከቅጠል በታች ቢሰቀል፣ ደኑም ይኖራል፣ መንገደኛይቱም ታያለች። ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚሰቀለው ከቅርንጫፍ በላይ ስለሆነ የሚያበራው ለወፎች ነው።

ቡና ካነሣን ዘንድ፣ በዚህ አገር ያለ ዩኒቨርስቲ የግቢውን ተክል ከጌጥ መጽሐፍ የሚመርጥበት ምክንያት አይታየንም። ዓለም ጌሻ ብሎ የሚያደንቀው ቡና ዘሩ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደን የሄደ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በፓናማ ውድድር አሸንፎ ስሙ ከገነነ ወዲህ በውድ ዋጋ ይሸጣል። በቴፒ ያለው የግብርና ምርምር ማእከል ደግሞ በቅመማ ቅመም የታወቀ ነው። ቁንዶ በርበሬ በዛፍ ግንድ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ኮረሪማ በጥላ ሥር ይበቅላል፤ እርድ ቅጠሉ ሰፊና ያማረ ነው። የመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ በእነዚህ ቢሸፈን፣ የግብርናው ተማሪ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ፍሬው ይሰረቃል የሚል አለ። ይሰረቅ። አንድ ተማሪ ኮረሪማ ሰርቆ ቡናው ላይ ቢጨምር ዩኒቨርስቲው አይከስርም።

የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየግቢው ችግኝ አስገብቷል። በዚያ ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የዘመቻው ዓላማ የሚደገፍ ነው። ሂሳችን የሚያርፈው በአቈጣጠሩ ላይ ነው፤ ጉድጓዱ ይቈጠራል፣ የቆመው ዛፍ ግን በሦስተኛው ዓመት የሚቈጥረው አይገኝም። ቡና ተካይ እንዲህ አይቈጥርም። እርሱ የሚቈጥረው ፍሬ ነው፤ ስለዚህም ችግኙን ያርማል፣ ሥሩን በቅጠል ያለብሳል፣ የሞተውን ይተካል።

ይህም ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ያደርሰናል። በመንግሥት አሠራር አዲስ ሕንፃ ከካፒታል በጀት፣ የዕለት ጥገና ከመደበኛ በጀት ይወጣል። አዲስ በር ሲሠራ ሪባን ይቈረጣል፤ የተደፈነ አሸንዳ ሲጠረግ ሪባን የሚቈርጥ የለም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ በሩ ይሄዳል። ጥገናውን የሚሠሩት ሰዎችም በዝቅተኛ ደመወዝ፣ ብዙዎቹም በቀን ሠራተኛነት የሚቀጠሩ ናቸው። የትኛው ቦይ በሰኔ እንደሚሞላ፣ የትኛው ጣሪያ በየትኛው ጥግ እንደሚያፈስስ የሚያውቁት እነርሱ ሲሆኑ፣ በኮሚቴው ውስጥ ወንበር የላቸውም። ውላቸው ሲያልቅ እውቀቱ አብሯቸው ከበሩ ይወጣል። አንድ ዲን ሲለወጥ ርክክብ በጽሑፍ ይደረጋል፤ አትክልተኛው ሲለወጥ መጥረጊያው ብቻ ይረከባል።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። በአሜሪካ የኦሬጎን ዩኒቨርስቲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክሪስቶፈር አሌግዛንደር የተባለ የሕንፃ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አዲስ የግቢ አመራር ዘዴ አቀረበ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትሟል። የዘዴው ፍሬ ነገር አንድ ትልቅ ንድፍ አውጥቶ ሃያ ዓመት ከመጠበቅ ይልቅ፣ በየዓመቱ ግቢውን እንደ ሐኪም መርምሮ የትኛው ቦታ ሕያው፣ የትኛው የሞተ እንደሆነ በካርታ ላይ ማመልከት፣ ገንዘቡንም ለብዙ ትናንሽ ጥገናዎች ማከፋፈል ነው፤ የሚወስኑትም በቦታው የሚኖሩት ናቸው። ኦሬጎንም ዝናብ የሚበዛበት አገር መሆኑ ለእኛ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ዘዴው በሁሉም ነገር ይቀዳ አንልም፤ ነገር ግን ካርታው ብዙ ወጪ የለውም።

ለምሳሌ መንገድን እንውሰድ። በየግቢው ሣሩን አትርገጡ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ አጠገብ ደግሞ በሣሩ መካከል የተረገጠ ቀጭን መንገድ አለ። ሁለቱ ለዓመታት ሲከራከሩ ይኖራሉ። ከማደሪያ ወደ መመገቢያ በቀን ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት ሳይሆን የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። በዝናብ ጊዜ ያ ቀጭን መንገድ ማንሸራተቻ ይሆናል። ጽሑፉን ነቅሎ በዚያ ላይ ኮብልስቶን ማንጠፍ ነገሩን ይጨርሰዋል፤ ኮብልስቶን ደግሞ መሬቱ ሲሰምጥ ተነሥቶ እንደገና የሚነጠፍ በመሆኑ ለዚህ አፈር ይስማማል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ የጥናት ሥራ ነው። ግቢው ውሃው የሚቆምበት፣ የሚወርድበትና የሚሄድበት በካርታ ይነሣ፤ በዚያው ካርታ ላይ ሰዎች የሚረግጡት መንገድና በሌሊት የሚፈራው ጥግ ይመልከት። ካርታው ከአትክልተኞችና ከጽዳት ሠራተኞች ጋር ይሠራ፤ ስማቸውም ከአጥኚዎቹ ጋር ይጻፍ። ችግሩ ጊዜው ነው። ጐብኚ ኮሚቴዎች መንገዱ ሲደርቅ፣ በታኅሣሥና በጥር መምጣት ይመርጣሉ፤ በዚያ ጊዜ ግቢው ሁሉ ደኅና ይመስላል። መደበኛ ተማሪዎችም በሐምሌና በነሐሴ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። በእነዚያ ወራት በግቢ የሚቆዩት ለክረምት ትምህርት የሚመጡ መምህራን ናቸው፤ ከእነርሱም የጂኦግራፊ አስተማሪዎች አይጠፉም። ሥራው ለእነርሱ ቢሰጥ ሃያ ያህል ሰው፣ አንድ የሜትር ገመድ፣ አንድ የዝናብ መለኪያና ጥቂት ጃንጥላ ይበቃል።