መለያየት ያቃታቸው ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሚልፎርድ በተባለ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ሁለት ወጣቶች ተዋወቁ። ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን ይባላሉ፤ ሁለቱም ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። በዚያ ዘመን የሕመሙ ዋና ሕክምና ዕረፍት ስለነበር ሕሙማኑ ለረዥም ጊዜ ከአልጋ አይወርዱም። ወጣቶቹ ቀኑን የሚገፉት ሬዲዮ በማዳመጥ ነበር። ቆየት ብለው ለማገገሚያው የውስጥ ሬዲዮ ራሳቸው ጭውውት መጻፍ ጀመሩ።

እኔም እንደ እነሱ በጭውውት ጀምሬ ወደ ተከታታይ ኮሜዲ የገባሁ ጸሐፊ ነኝ፤ በዚህ ሽግግር ከማንም በላይ ያስተማሩኝ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጭውውት አንድ ጥሩ ሐሳብ ይበቃዋል፤ ሰው ይስቃል፣ በዚያው ያበቃል። ተከታታይ ኮሜዲ ግን ተመልካቹን በየሳምንቱ ወደዚያው ቤት፣ ወደ እነዚያው ሰዎች መመለስ አለበት። ቀልድ ብቻውን እዚህ ድረስ አያደርስም። የሚያደርሰው የሰዎቹ እርስ በርስ መተሳሰር ነው፤ አብረው መኖር ያቃታቸው፣ መለያየትም ያልቻሉ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ጋልተንና ሲምፕሰን እዚህ የደረሱት በደረጃ ነው። በ1954 ለኮሜዲያኑ ቶኒ ሃንኮክ «ሃንኮክስ ሃፍ አወር»ን በቢቢሲ ሬዲዮ ሲጀምሩ፣ የዘመኑ የሳቅ ዝግጅት በዘፈንና በተቆራረጠ ጭውውት የተሞላ ነበር። እነሱ ግማሽ ሰዓቱን ለአንድ ታሪክ ሰጡት። በ1958 የተላለፈ አንድ ክፍል፣ የሚሠሩት ያጡ ሰዎች ዝናባማ እሑድን ሲገፉ ብቻ ያሰማል። ይሰለቻሉ፣ ያዛጋሉ፣ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ራሱ ያስቃል። ስክሪፕት የጻፈ ሰው ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ያውቃል። አድማጭ ይሄድብናል ብለን ስለምንፈራ ክፍተቱን ሁሉ በወሬ እንሞላዋለን።

በ1961 ከሃንኮክ ጋር ተለያዩ። ቢቢሲ በዚያን ጊዜ አሥር የተለያዩ የግማሽ ሰዓት ኮሜዲዎችን እንዲጽፉ ዕድል ሰጣቸው። ከእነዚህ አንዱ በጥር 1962 ታየ። ባለታሪኮቹ ለንደን ውስጥ ቆራሌ በፈረስ ጋሪ እየሰበሰቡ የሚኖሩ አባትና ልጅ ናቸው። ልጁ ሃሮልድ አርባ ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው፤ ከዚያ ግቢ ወጥቶ የራሱን ኑሮ ለመጀመር ይቆርጣል። ዕቃውን ጋሪው ላይ ይጭናል። አባቱ ፈረሱን ይከለክሉታል። ጋሪውን ራሱ ሊጎትት ይታገላል፤ ጋሪው ግን ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ያለቅሳል፤ አባትዬው አባብለው ወደ ቤት ይመልሱታል።

ከዚህች ግማሽ ሰዓት «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» የተባለው ተከታታይ ተወለደ። እዚህ ላይ የወሰዱት ውሳኔ ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ነው፤ ዋናዎቹን ሚናዎች ለኮሜዲያን ሳይሆን ለድራማ ተዋናዮች፣ ለዊልፍሪድ ብራምቤልና ለሃሪ ኤች. ኮርቤት ሰጡ። ኮሜዲያን ሳቁን ይጠብቃል። ተዋናይ ግን ገጸ ባሕርይውን ይጠብቃል፤ ማልቀስ ካለበት ከልቡ ያለቅሳል። ተመልካቹም በሳቀበት አፉ ያዝናል።

በ1972 በተላለፈ ሌላ ክፍል ሃሮልድ ቤቱን በግድግዳ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር እኩል ይካፈላል። ለመለያየት የተሠራው ግድግዳ ግን ጠቡን በየክፍሉ አዳረሰው። ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው መሰናክል ከውጭ አልመጣም፤ ከሁለቱ ሰዎች ፍላጎት በቀጥታ ወጣ። አንድ ክፍል ስጽፍ እንግዳ ሰው በር አንኳኩቶ ታሪኩን እንዲያንቀሳቅስልኝ ከተመኘሁ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ገና አላወቅኋቸውም ማለት ነው።

«ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል። ኔዘርላንድስና ስዊድን በየቋንቋቸው ሠርተውታል። አሜሪካ ውስጥ ኖርማን ሊርና ባድ ዮርኪን ታሪኩን ሎስ አንጀለስ ለሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን አባትና ልጅ ሰጥተው በ1972 «ሳንፎርድ ኤንድ ሰን» ብለው አቀረቡት። የለንደን ሠፈር አነጋገር እዚያ አልሠራም፤ ቀልዱ እንደ አዲስ ተጻፈ። የተሻገረው እስራቱ ነው፤ መሄድ የሚፈልግ ልጅና ብቻውን መቅረት የሚፈራ አባት።

ስለዚህ የሌላውን አገር ቀልድ ወደ አማርኛ ከማምጣት የራሳችንን እስራት ብንፈልግ ይሻለናል። ተፋተው ኮንዶሚኒየሙን መሸጥ ስላልቻሉ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤት የሚያድሩ ባልና ሚስት አሉ። የውርስ ቤት ሳይካፈሉ አንድ ግቢ ውስጥ የሚያረጁ እኅትና ወንድም አሉ። ኪራይ የማይቀመስ ሆኖበት ትዳሩን እናቱ ቤት የመሠረተ ጎልማሳ አለ። እነዚህ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ሳቅና እንባ አለ።

ጋልተንና ሲምፕሰን ረዥም ዘመን አብረው ጽፈዋል፤ በ2016 የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ትልቁን ክብር ሰጣቸው። እኔ ግን ከሥራቸው ሁሉ የማከብረው ለአባትም ለልጅም አለማዳላታቸውን ነው። ሃሮልድ መሄድ መፈለጉ ትክክል ነው፤ አባቱ መቅረትን መፍራታቸውም ትክክል ነው። ኮሜዲ ጸሐፊ ሁለቱንም ወገን እንደሚሰማ ሽማግሌ መሆን አለበት። ከገጸ ባሕርያቴ አንዱን ለመሳለቂያ ብቻ ያስገባሁት ከሆነ ያ ስክሪፕት ገና ነው። የእሱንም እውነት አግኝቼ፣ በተቃዋሚው ፊት ቆሜ ልከራከርለት ስችል ብቻ ለቀረጻ እሰጠዋለሁ።