መንገደኛ ሆይ፣ ጊኒር ግባ!

«ሐላል ቱሪዝም» ሲባል ሐሳባችሁ ወደ ማሌዥያና ወደ ቱርክ ሆቴሎች የሚሮጥ ሁሉ ስሙኝ፤ ወደ ባሌ ኑ! የሮቤን የስንዴ ማሳ፣ ከዚያም ጎሮን አልፋችሁ የምሥራቅ ባሌ ዞን ዋና ከተማ ጊኒር ስትደርሱ፣ እንግዳ መቀበል ምን ማለት እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሥጋው በማን እጅ ታረደ? ቂብላው በየት በኩል ነው? ውዱእ የት ላድርግ? ሙስሊም መንገደኛ ሌላ ቦታ የሚጨነቅበት ይህ ሁሉ እዚህ ጥያቄ አይደለም። የገባሁበት ምግብ ቤት እናት ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ ውሃ የሞላ ኢብሪቅ አስያዙኝ። ጓዳው ውስጥ መስገጃው ተነጥፏል። ሰግጄ ስወጣ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ከትኩስ ሻይ ጋር ቀርቧል። «ብላ ልጄ፤ የመንገደኛ ዱዓ ይሰማል፣ ለኛም አድርግልን» አሉኝ። ሆዴ ተላወሰ!

ይህ ደግነት ሥር አለው፤ ሥሩም ድሬ ሼህ ሁሴን የተባለው የዚያራ ስፍራ ነው። እስልምናን በባሌ ያስፋፉት ታላቁ ሼህ ያረፉበትን፣ በኖራ የነጣውን ቁባ የሐረሩ አሚር አብዱሸኩር በ18ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ እንዳሠሩት ይነገራል። በተለይ በአረፋ ሰሞን ዘያሪው ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከሶማሌ ይጎርፋል። ብዙዎቹ ጫፉ ባላ የሆነውን የዳንቄ በትር ይዘው፣ ባህሮ እያዜሙ በእግራቸው ይመጣሉ። ክርስቲያኑም ስለቱን ይዞ ከመካከላቸው አለ። መንገድ ላይ የመሸበት ዘያሪ ደጅ አያድርም፤ ያገሬው ሰው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። በየትውልዱ እግረኛ ዘያሪ ሲቀበል የኖረ ሕዝብ መስተንግዶን ማን ያስተምረዋል?

ደግሞ ሶፍ ኡመር አለላችሁ! ወይብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈው፣ ከ15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ፤ ሱብሓነላህ ከማለት በቀር ቃል የለውም። በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እዚያው ባሌ፣ ከጎባ ከተማ አናት ላይ ነው። ዚያራ፣ ዋሻና ተራራ በአንድ ጉዞ!

አስጎብኚዎች ሆይ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ውጭ ያላችሁ ወንድምና እህቶች፣ የሚቀጥለውን ዕረፍታችሁን ከአረፋ ጋር አጋጥሙትና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ጊኒር ማንንም ሙስሊም «ምን ትፈልጋለህ?» ብላ አታስቸግርም፤ ቀድማ ታውቃለች።